ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ እያለ

እሺ... ቀረጻው ጀምሯል። እንደምን አመሻችሁ። የባጃጆቹን ድምፅ ለምዳችሁታል፣ መስኮቱን አልዘጋም፣ ዛሬ ባሕር ዳር ሙቀቱ ለብቻው ነው።  

ዛሬ ያቺ መልእክት ናት። የቡድን መሪዋ ቡና የጋበዛት የአዲሷ ተቀጣሪ። ባለፈው ያሰማኋችሁ። ከብዙዎቻችሁ "የሥራ ቦታ ፍቅር መጨረሻው አያምርም፣ ትተወው" የሚል መልስ መጣ። እኔ ግን ጥያቄዋ እሱ አልመሰለኝም።

ቆይ፣ እንደገና ልበለው። ዓርብ ነው፣ አስራ አንድ ተኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሰው አሻራ ሰጥቶ ሊወጣ በሩ ላይ ተሰልፏል። የቡድን መሪዋ ጠረጴዛ ላይ የእሷ የሙከራ ጊዜ መገምገሚያ ፎርም ተዘርግቷል። ሰዓት ማክበር፣ የሥራ ጥራት፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት፤ የነጥብ ሳጥኖቹ ገና ባዶ ናቸው። እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው። ቀና አለና፣ "ዛሬ ስንወጣ ጣና ዳር ቡና ብንጠጣስ?" አላት። እሷም "እሺ፣ ደስ ይለኛል" አለችው። ሄዱ፣ ጠጡ። ጥሩ ሰው ነው ትላለች፣ ወድጄዋለሁም ትላለች። የምትጠይቀው ግን፣ "ያ ወረቀት እዚያ ባይኖር ኖሮ ምን እል ነበር?" ብላ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ምን እንደሆነ እንይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ከሆነ አስር ሳምንት ነው፤ አምስት ቀን ከሆነ አስራ ሁለት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው አልተስማማም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ይሰናበታል። "አልተስማማችም" የሚለውን የሚጽፈው ደግሞ ያ እስክሪብቶ ነው። እሱ ይህን ላያስበው ይችላል። ንፁህ ልብ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ሳታስበው መቀመጥ አትችልም።

ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ እናስገባውና እንደገና እንየው። ምንም አልተለወጠም፤ መሳቢያ ውስጥ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እሺ፣ 60ው ቀን ይለቅ፣ ቋሚ ትሁን፣ ከዚያ ይጠይቃት። ይሻላል። ግን የዓመት ፈቃዷን የሚፈርመው ማነው? የትርፍ ሰዓቷን የሚያጸድቀው? ለመስክ ሥራ ማን ይውጣ፣ አበል ማን ያግኝ የሚለውን ዝርዝር የሚያወጣው? እሱው ነው። በእኛ ከተማ ቢሮ ለቢሮ እየዞራችሁ ጠይቁ፣ ጠብ የሚነሳው የአበል ዝርዝር ላይ ነው። ስሟ ከገባ "በእሱ ነው" ይባላል፣ ከቀረ ደግሞ "ተጣሉ እንዴ?"

አሁን ደግሞ ሌላ ክፍል ያለ ሰው እናድርገው፤ ፈቃዷን የማይፈርም፣ ነጥቧን የማይሞላ። ያን ጊዜ የቡናው ግብዣ የቡና ግብዣ ሆነ። እሺም እምቢም ብትል ሰኞ ሁለት ተኩል ላይ አሻራዋን ሰጥታ ትገባለች፣ በቃ።

ግን... ሌላ ክፍልም ሁሌ ነፃ አያወጣም። ባንክ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ካዝናው በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው፣ ሁለቱ ቁልፎች በሁለት ሰው እጅ ናቸው። አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው አይቶ ነው የሚያጸድቀው። ይህ ሁሉ የተሠራው ሁለት ሰው አንድ ሐሳብ እንዳይሆን ነው። ሁለቱ ቁልፍ ያዦች አንድ ቤት ማደር ከጀመሩ፣ አንድ ሳንቲም ባይነኩም ቁጥጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ግዢና ንብረት ክፍልም እንደዚያው። ግዢ ሠራተኛው ዕቃውን ያመጣል፣ ንብረት ክፍሏ ቆጥራ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ትቆርጣለች። አንድ ካርቶን ቢጎድል ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምንህ ናት?" ብሎ ነው። ሳይጠፋባቸው የሚጠረጠሩ ሰዎች አሉ፣ ይህ ያሳዝነኛል። መፍትሔውም ቀላል ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ከዚያ ሰንሰለት ማውጣት።

ስለ ገንዘብ ካነሳን ዋስትናን ሳልል አላልፍም። እባካችሁ። የቢሮ ዕቁብ አለ፣ ሃያ ሰው፣ በወር ሦስት ሺህ ብር እንበል። ዕጣው 60,000 ነው። እሱ በሦስተኛው ወር ደረሰው፣ ዋስ አምጣ ተባለ፣ እሷ ዋስ ሆነች። በአምስተኛው ወር ተለያዩ። አስራ አምስት ወር ይቀረዋል፣ 45,000 ብር። ሥራውን ለቆ ጎንደር ወይ አዲስ አበባ ቢገባ የዕቁቡ ዳኛ የሚጠራው እሷን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ፍቅረኛው ገንዘብ ያዥ ሆና ስትቀጠር ከመሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ አጽፎ መስጠት ነው። ያ ደብዳቤ ፍቅሩ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም። ዋስትናው እስኪነሳ ይከተላችኋል፤ ለመነሳቱም በጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀበሉ። የሽምግልናውም ነገር... ሲጣሉ ሽማግሌ ሆኖ የሚገባው የፋይናንስ ኃላፊው ነው! የጓዳችሁን ሁሉ ሰምቶ በነጋታው የአበል ሒሳባችሁን ያወራርዳል። ወዴት ሄድኩ? አዎ።

ሕጉ። ሕጉ ባልደረቦች አይዋደዱ አይልም። በአንቀጽ 26 የጋብቻ ሁኔታ ለስንብት ምክንያት አይሆንም፤ ስትጋቡም ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣችኋል። ሥራ ቦታ ላይ ተጣልቶ አምባጓሮ መፍጠር ግን፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። ስለዚህ ጠቡን በር ላይ ተዉት። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የምትመሩት በዚህ ሳይሆን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፣ እሱን ተመልከቱ። የመሥሪያ ቤታችሁን የውስጥ ደንብም አንብቡ። ስትቀጠሩ ፈርማችሁበታል፣ ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

"እምቢ" ከተባለ በኋላ መጎትጎቱ፣ ማስፈራራቱ ከቀጠለ ያ ፍቅር አይደለም፣ ትንኮሳ ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ካደረገ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች፣ አንቀጽ 32፤ ካሳውም የ90 ቀን ደመወዝ ነው። ግን ጊዜ አለው። ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ውሉን በዚህ ምክንያት የማቋረጥ መብቷ ይቀራል። አስራ አምስት ቀን፣ እህቶቼ። "ትንሽ ልታገሰው" እያላችሁ የሚያልፍ ጊዜ ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ቀኑን ጻፉ። ማመልከቻ ስታስገቡም በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ይጻፍ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ደብዳቤ ያልገባ ደብዳቤ ነው።

እና... ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እዚህ ስደርስ እናደዳለሁ። በዚህ ከተማ ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሰኞ ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። ዘጌ ሄደን ዘወር እንላለን ብትሉም ጀልባ መሳፈሪያው ላይ የሚያውቃችሁ አይጠፋም። ሲሰማ ግን እሱ "ጎበዝ" ነው፣ እሷ "በእሱ ነው የተቀጠረችው" ናት። ሥራዋን በችሎታዋ ብታገኝም ያ ወሬ ከእሷ ጋር ይኖራል። ቡናው የሁለቱ ሆኖ ሳለ ዕዳው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

ስለዚህ መጻፍ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ሰው ኃይል ሄዶ "የዚህችን ሠራተኛ ግምገማ ሌላ ሰው ይሙላው፣ እኔ ጋ የግል ጉዳይ አለ" ማለት። ሁለት መስመር። ከዚያ በኋላ ይጠይቃት፣ ወይም ይተወው። ግን እሱ ይህን አይሰማ ይሆናል፣ መልእክቱን የላከችው እሷ ናት። እሷን ጻፊ ልበላት? በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች ልጅ ስለ ቡድን መሪዋ ደብዳቤ ስታስገባ... ደብዳቤው ራሱ ተመልሶ እሱ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍበት መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ዝም በይ፣ 60ው ቀን ይለፍ ልበላት? ያን ጊዜ ደግሞ ቡናው አስረኛ ቡና ይሆናል፣ ለማን ምን ብላ ታስረዳለች?

ሰው ኃይል ውስጥ የምትሠሩ፣ እናንተ ጋ ተቀጣሪዋ ስሟ ሳይነሳ ገምጋሚ የሚቀየርበት መንገድ አለ? በቃል ተጠይቆ የሚሆን፣ ፋይል ውስጥ የማይገባ። ካለ በድምፅ ላኩልኝ። የሚኖር መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን እያወራሁ ሳስበው... ያለ ወረቀት ከተቀየረ ደግሞ ነገ ማን ይመሰክርላታል...