ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ለምን ደበዘዘ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ልጅ ሳለሁ በቆርቆሮ ጣሪያችን ሽንቁር የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፍ ነበር፤ ሽንቁሩ ግን ክብ አልነበረም። ያ ክብ የፀሐይዋ ምስል መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ ከባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ሌንስ የሌለው ካሜራ ስሠራ ነው።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ በወፍራም መርፌ ወጋሁት፤ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ከቀዳዳው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ በተቀመጠው የፎቶ ወረቀት ላይ የግቢያችን በር ደብዝዞ ወጣ። ከእያንዳንዱ የበሩ ነጥብ የሚመጣው ብርሃን ወረቀቱ ላይ የቀዳዳውን ያህል የሰፋ ጠብታ ስለሚያሳርፍ፣ መፍትሔው ቀዳዳውን ማጥበብ ብቻ መሰለኝ። በእርግጥም ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ በቆረጥሁት ስስ ቆርቆሮ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ስበሳ፣ የበሩ ፍርግርግ ሳይቀር ታየ። በዚህ ተደፋፍሬ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ወረድሁ። ቀድሞ 40 ሰከንድ ይበቃው የነበረውን ወረቀት አሁን ከ10 ደቂቃ በላይ ብርሃን ባስመታውም፣ ያገኘሁት ምስል ከመጀመሪያው የማይሻል ጭጋግ ሆነ።

ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ነገሩ ግን ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ ከሞተ በኋላ በ1665 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው ዲፍራክሽን ብሎ የሰየመው ነው፤ ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥርም ይበልጥ ይሰፋል። የፎቶ ወረቀት በዋናነት የሚያየው ሰማያዊ ብርሃንን ስለሆነ የሞገድ ርዝመቱን 450 ናኖ ሜትር ብንል፣ በ0.1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ወረቀቱ ጋ ሲደርስ 1.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠብታ ይሆናል፤ ይህም የቀዳዳውን 11 እጥፍ ማለት ነው።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1891 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ካሜራ ጽፎ ነበር። በእሱ ስሌት መሠረት የተሻለው የቀዳዳ ስፋት የሚገኘው ርቀቱንና የሞገዱን ርዝመት አባዝቶ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት በ1.9 ገደማ በማባዛት ነው። ለእኔ ጣሳ ብሠራው 0.4 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ በችሎታዬ ያገኘሁት መስሎኝ የኮራሁበት ቀዳዳ፣ ለካ በአጋጣሚ የተገኘ ነበር።

ከስሌቱ ይበልጥ የማረከኝ ሌላ ነገር ነው። ርቀቱን አራት እጥፍ ባደርገው ምስሉ አራት እጥፍ ሲተልቅ፣ ተስማሚው ቀዳዳም ሆነ ብዥታው የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ ዝርዝሩ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ መርፌዬን አስቀምጬ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ካርቶን ውስጡን ጥቁር እየቀባሁ ነው።