የምንመኛት ጃፓን እና የምንኖርባት ጃፓን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ?

እሁድ ለብዙዎቻችን ብቸኛዋ የእረፍት ቀን ናት። እሷን ትታችሁ እዚህ ምሥራቅ ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ድረስ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከናጎያ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዛችሁ የመጣችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ኑሩልኝ።

እዚህ የተሰበሰብነው ስለ ጃፓን በአማርኛ የምንጽፍ፣ ቪዲዮ የምንሠራ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ያለን ሰዎች ነን። ጥቂት ነን። ግን አገር ቤት ያለ ብዙ ሰው ጃፓንን የሚያውቃት በእኛ በኩል ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። የምንጽፈው ስለ የትኛዋ ጃፓን ነው? ስለምንኖርባት ወይስ ስለምንመኛት?

ከራሴ ልጀምር። ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በፈረንጆቹ እየጠራሁ ነው።

በ2016 መጀመሪያ ላይ አንድ ታሪክ ዓለምን አዳረሰ። በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ውስጥ፣ በረዶ በዋጠው ገጠር፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብቻ የምትሳፈርበት ጣቢያ አለ፤ የባቡር ድርጅቱ ለእሷ ብቻ ሲል፣ እስክትመረቅ ድረስ ጣቢያውን ሳይዘጋው ቆየ፤ የሚል። አነበብኩት። እንባዬ መጣ። ወዲያው በአማርኛ ጻፍኩት፣ መጨረሻው ላይም "ለሕዝቡ የሚያስብ አገር ማለት ይህ ነው" ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የተነበበልኝ ነገር የለም። እስከ ዛሬ ድረስ ስሜ ወልቆ፣ ሌላ ፎቶ ተለጥፎበት፣ ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ይመጣል።

ከወራት በኋላ አንድ የሆካይዶ ተወላጅ የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን በደንብ አስረዳኝ። ልጅቷ እውነት ነች። ነገር ግን በዜናው የተጠራው ካሚ ሺራታኪ የእሷ ጣቢያ አልነበረም፤ እሷ የምትሳፈረው ከኪዩ ሺራታኪ ነበር። በዚያ መስመር ማርች 26 ቀን 2016 የተዘጉት ጣቢያዎች ደግሞ አራት ናቸው፣ የተዘጉትም ተሳፋሪ ስላጡ ነው። ማርች የጃፓን ባቡሮች በየዓመቱ የጊዜ ሰሌዳቸውን የሚቀይሩበት ወር ነው። የትምህርት ዘመኑም የሚያልቀው በዚያው ወር ነው። ሁለቱ ገጠሙ፣ ከዚያ ተረቱ ተወለደ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን መሳሳቴ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሆካይዶ የባቡር ድርጅት ከመስመሮቹ ግማሽ ያህሉን፣ 1,237 ኪሎ ሜትር፣ በራሱ አቅም ብቻ ማቆየት እንደማይችል በይፋ ተናገረ። ታሪኩ እኮ ይሄ ነበር! ወጣቱ ወደ ሳፖሮና ወደ ቶኪዮ ሄዶ ያለቀበት ገጠር። የልጅ ድምፅ የጠፋበት መንደር። ሐዲዱን ማን ይጠግን፣ በረዶውን ማን ይጥረግ፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱትን አሮጊት ማን ያድርሳቸው የሚል ጭንቀት። ይህን ብጽፍ አገር ቤት ያለ አንባቢ ስለ ጃፓን የሆነ ነገር ያውቅ ነበር። እኔ የሰጠሁት ከረሜላ ነው።

እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ። "ጃፓን ውስጥ ለንጉሠ ነገሥቱ የማይሰግድ መምህር ብቻ ነው" የሚለውን ስንቶቻችን አጋርተነዋል? እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ለመምህር ያለንን ክብር መግለጽ ከፈለግን በራሳችን ቃል እንግለጸው፣ ጃፓንን የሐሰት ምስክር አናድርጋት።

ይህ ምኞት በእኛ አልተጀመረም። ስለ ጃፓን በአማርኛ ለምንጽፍ ሁሉ አባታችን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው መልእክተኞችን እየመሩ እዚህ መጡ። ሲመለሱ ያዩትን ጽፈው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ፣ በኋላም ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ። ርዕሱን ስሙት፦ "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን"። የብርሃን ማደሪያ! በዚያው በ1931 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ ከ1889ኙ ብዙ ወስዷል። የዚያ ዘመን ምሁራን ጃፓን ላይ ያዩት ነጭ ሳይገዛው የሠለጠነ አገርን ነው። የእኛን ነገ አዩባት። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የማየው።

ግን ብላቴን ጌታ እዚህ በክብር ሲስተናገዱ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን እየወረረ ነበር። አምስት ዓመት አልሞላም፣ ጣሊያን እኛን ወረረ፤ በ1936 ጃፓን ለወረራው እውቅና ሰጠች። ብላቴን ጌታም አገራቸውን ዳግም ሳያዩ በ1938 እንግሊዝ አገር በስደት አረፉ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። የማነሳው እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ በመርከብ መጥተው፣ በአስተርጓሚ አይተው፣ ያን ያህል መጻፋቸው ራሱ ይደንቀኛል። እኛ ግን እዚህ እንኖራለን። ቋንቋውን እንሰማለን። ግብር እንከፍላለን፣ ልጆቻችን እዚህ ይማራሉ። እንደ እንግዳ ብቻ የምንጽፍበት ምክንያት የለንም።

በቅርብ ሆኖ መጻፍ ምን እንደሚሠራ ያየሁት በ2011 ነው። ማርች 11፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46፣ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ነበራችሁ። ያን ምሽት ባቡር ቆሞ ከተማው በሙሉ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲጓዝ ከመካከላቸው ነበርኩ። በማግስቱ እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ታለቅሳለች፤ ቴሌቪዥኑ ቶኪዮ አለቀላት ይላታል። ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ የሚመጣው ወሬ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። እኔን ያረጋጉኝ እዚሁ የሚኖሩ የውጭ ሰዎች ናቸው፣ በየቀኑ ቁጭ ብለው ያዩትን ብቻ ይጽፉ ነበር። የትኛው ሱቅ ዳቦ እንዳለው። የትኛው መስመር እንደጀመረ። መብራት በተራ የሚጠፋው በየትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት እንደሆነ። የጃፓን መንግሥት መግለጫ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ተርጉመው ያስቀምጡት ነበር። እኔም እሱን በስልክ በአማርኛ ለእናቴ አነብላት ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት በዚያ ነው።

ከእነሱ አንዱ፣ ቺባ የሚኖር ሰው፣ በትዊተር ጥሪ አቀረበና በቀናት ውስጥ ከየቦታው የተላኩ ምስክርነቶች ተሰባስበው መጽሐፍ ሆኑ፣ ገቢውም ለጃፓን ቀይ መስቀል ሄደ። ሴፍካስት የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ደግሞ መሣሪያ ሠርተው፣ መኪና ላይ አስረው፣ ጨረሩን መንገድ ለመንገድ እየለኩ ቁጥሩን ለማንም ሰው ክፍት አደረጉት። ማንም አላዘዛቸውም። የሚኖሩበት ሰፈር ስለሆነ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ግን አንንጠልጠል። በ2006 መጨረሻ በተደረገ አንድ ቆጠራ በዓለም ላይ ብዙ ብሎግ የሚጻፍበት ቋንቋ ጃፓንኛ ነበር፣ 37 በመቶ፤ እንግሊዝኛ 36። ጃፓኖች ስለራሳቸው ዝም ያሉ ሕዝብ አይደሉም። ስለ ምሳቸው፣ ስለ አማታቸው፣ ስለ አለቃቸው፣ ስለ ድመታቸው ሲጽፉ ይውላሉ። ከመካከላችን ጃፓንኛ የምታነቡ ልጆች አላችሁ። ከእንግሊዝኛ የተቀዳውን ጉድ መልሰን ከምንቀዳ የጎረቤቶቻችንን ጽሑፍ ብታመጡልን እንዴት ጥሩ ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የምንሠራው ቪዲዮ ለደላላ ዕቃ እየሆነ ነው። የሳኩራ አበባ፣ የሚያብረቀርቅ ባቡር፣ "ጃፓን ሰው ትፈልጋለች" የሚል ጽሑፍ። ይህን አይቶ የእናቱን ወርቅ አሽጦ፣ ተበድሮ፣ በቋንቋ ተማሪነት የመጣ ልጅ አውቃለሁ። የቋንቋ ተማሪ ፈቃድ አውጥቶም ቢሆን ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ መሥራት እንደማይችል የነገረው አልነበረም። ቤት ሲከራይ ሬይኪን የሚባል፣ ለአከራዩ ተሰጥቶ የማይመለስ ገንዘብ እንዳለ አላወቀም። ዋስ እንደሚጠየቅም አላወቀም። የቶኪዮ ቤት ክረምት ላይ ከውስጥ እንደሚበርድ እንኳ አልሰማም። ለመንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ ማመልከቻው በኤምባሲው በኩል እንደሆነና ደላላ እንደማያስፈልገው ብንጽፍለት ኖሮ ምናልባት ሌላ መንገድ ይሞክር ነበር። እባካችሁ ይህን እንጻፍ። እይታው ትንሽ ይሁን። አንድ ልጅ ከዕዳ ካዳነ በቂዬ ነው።

የመጨረሻው ነገር የዚህችው የሰፈራችን ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 2019፣ ሃጊቢስ የተባለው አውሎ ነፋስ የመጣ ዕለት፣ ስልኮቻችን ሁሉ ጮኹ። ጽሑፉ ካንጂ ነው፣ ከቻይና የመጣው የጃፓን ፊደል። አንዲት እህታችን ሁለት ልጆች ይዛ ደወለችልኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ውጪ ነው የሚለኝ ወይስ አትውጪ?" አለችኝ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ሂናን የሚለውን ቃል፣ ሽሹ ማለት እንደሆነ፣ እሷ አታውቀውም። ስለ ጃፓን በአማርኛ ስንት ነገር ጽፌያለሁ፣ ይህችን አንዲት ቃል ግን ጽፌ አላውቅም ነበር።

ካትሱሺካ በአራካዋና በኤዶጋዋ ወንዞች መካከል ያለች ዝቅተኛ መሬት ናት። በ2018 አምስቱ የምሥራቅ ቶኪዮ ወረዳዎች በጋራ ያወጡት የጎርፍ ካርታ አለ። በአምስቱ ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰው ይኖራል፤ ሁለቱ ወንዞች አብረው ከሞሉ አብዛኛው መሬት ውኃ ይገባበታል፣ አንዳንዱ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ ላይደርቅ ይችላል። በአማርኛ ተተርጉሞ እስካሁን አላየሁትም።

አትሜ አምጥቼዋለሁ፣ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶም አለ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ገጾቹን እንከፋፈል። ጃፓንኛ የምታነቡ ከማያነቡት ጋር ጥንድ ጥንድ ሁኑ። የየሰፈራችሁን መጠለያ ስም እናንተው ጻፉት።