«ባዶ ነው» ከማለት በፊት
ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከየዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዛሬው ርዕሴ ጠባብ ነው። ስህተት ስንፈልግ የፕሮግራሙን ውስጥ የሚያሳየን፣ ዲባገር የምንለው መሣሪያ ሁለት ዓይነት አስቸጋሪ ዳታ ይገጥመዋል። አንደኛው ዞሮ ራሱን የሚጠቅስ የዳታ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ስሙ ተነግሮ ዝርዝሩ ያልተነገረ ዓይነት ነው። እነዚህ ሲገጥሙት ምን ማድረግ እንዳለበት ነው የምናገረው። ነገሩ የአንዲት ወጣት ባልደረባዬን ሁለት ቀን ስለበላ ከእርሷ ታሪክ እጀምራለሁ።

በቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሙቀት የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ እንሠራ ነበር። በየመደርደሪያው አንድ መለኪያ አለ። እያንዳንዱ መለኪያ በአቅራቢያው ያሉትን ስድስት መለኪያዎች ያውቃል፤ አንዱ እንግዳ ቁጥር ካመጣ በጎረቤቶቹ ይመሳከራል። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ስንጽፈው አንድ ስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን በአንድ የሚያስር ዓይነት) ሆነ፤ አባላቱም ሦስት ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ የመጨረሻው ሙቀት፣ እንዲሁም ስድስት መለኪያዎች ወደያዘ አሬይ (ተከታታይ ዝርዝር) የሚጠቁም ፖይንተር (የሌላ ዳታ አድራሻ የሚይዝ አባል)። መሣሪያው 32 ቢት ነው፤ እያንዳንዱ አባል 4 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ስትራክቱ 12 ባይት፣ የስድስቱ አሬይ 72 ባይት መሆን አለበት።

ፕሮግራሙ አንድ ቀን የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ማሰማት ጀመረ። ባልደረባዬ እኛው ራሳችን በጻፍነው ዲባገር ከፈተችውና ጎረቤቶቹን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ዲባገሩ ባዶ ናቸው አላት፤ ዜሮ ባይት። እርሷም አመነችው። ጎረቤቶቹን የሚያጠፋውን መስመር ፍለጋ ሁለት ቀን ሙሉ የራሷን ኮድ ከላይ እስከ ታች በረበረች። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥታ «ጋሼ፣ ያልገባኝ ነገር አለ» አለችኝ። ያንኑ ፕሮግራም በእኔ ኮምፒውተር ከፈትኩት። 72 ባይት፤ ስድስቱም መለኪያዎች በየቦታቸው ተቀምጠዋል። «ይኸው፣ አሉ» አልኳት። ተመልሳ ሄዳ ሞከረች፤ ዜሮ። ይህንን ስትነግረኝ ወዲያው አላመንኳትም፤ በዚህም ዛሬ ድረስ ይሰማኛል።

ኮዱ አንድ ነው፤ ዲባገሩም አንድ ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነበር፦ እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ አሬዩ ነው፤ እርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ስትራክቱ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ኮምፓይለር ፕሮግራሙን ሲተረጉም፣ ከማሽኑ ትእዛዝ ጎን ለዲባገሩ የሚሆን መግለጫ ያስቀምጣል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የመግለጫ ቅርጽ ድዋርፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቤል ላብስ የተጀመረ ሲሆን አምስተኛው እትሙ በ2017 ወጥቷል። በድዋርፍ እያንዳንዱ ዓይነት አንድ ግቤት አለው፤ ግቤቶቹም እርስ በርስ በአድራሻ ይጠቃቀሳሉ። የእኛን መለኪያ ብንከተል ከስትራክቱ ወደ ፖይንተሩ፣ ከፖይንተሩ ወደ አሬዩ፣ ከአሬዩ ታይፕዴፍ ወደተባለው ተለዋጭ ስም፣ ከዚያም ዞሮ ወደ ስትራክቱ ይመልሰናል። ክብ ነው።

በክቡ ላይ ምንም ጥፋት የለም። አንድ ስትራክት ራሱን በሙሉ አካሉ ሊይዝ አይችልም፤ መጠኑ መጨረሻ አይኖረውምና። ወደ ራሱ የሚጠቁም ፖይንተር ግን መያዝ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚጠቁምበት ነገር ምንም ያህል ቢሆን የፖይንተሩ መጠን የታወቀ ነው። የተያያዘ ዝርዝርም ሆነ የዛፍ ቅርጽ ያለው ዳታ የተሠራው በዚህ ፈቃድ ነው።

አሁን አንድ የቀበሌ መዝገብ ቤት አስቡልኝ። ፋይል 11 ውስጥ «ባለቤቱን ፋይል 12 ላይ ተመልከት» ተብሎ ተጽፏል። ፋይል 12 ውስጥ ደግሞ «ባለቤቷን ፋይል 11 ላይ ተመልከት» ይላል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «የተጠቀሰውን ፋይል ሳልጨርስ ይህንን መደርደሪያ ላይ አላስቀምጥም» ካለ ሁለቱም ፋይሎች ጠረጴዛው ላይ ይቀራሉ። ዲባገራችን የመጀመሪያ እትሙ ላይ ያደረገው ልክ ይህንን ነው። ስትራክቱን ለማንበብ ፖይንተሩን፣ ፖይንተሩን ለማንበብ አሬዩን እያለ ራሱን በራሱ ይጠራል። በሊኑክስ ለዋናው ስታክ፣ ጥሪዎች ለሚመዘገቡበት የማስታወሻ ክፍል፣ በተለምዶ የሚሰጠው ቦታ 8 ሜጋባይት ነው። አንድ ጥሪ 200 ባይት ቢወስድ 42,000 ጥሪ ሳይሞላ ቦታው ያልቃል፤ ዲባገሩም ይወድቃል። ይህ በዓይን ጥቅሻ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ነው።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው። ፋይሉን በቁጥሩ ክፈት፣ ባዶውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ ሙላ። ክቡ ዞሮ ሲመጣ ፋይሉን መደርደሪያው ላይ ያገኘዋል፤ ዳግም መክፈት አያስፈልግም። የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ድዋርፍን የሚያነብበት ፋንክሽን ላይ ይህ ሕግ በማስታወሻ መልክ ተጽፎ ይገኛል፤ ዓይነቱን በቅድሚያ ሳትመዘግብ ፋንክሽኑን መልሰህ አትጥራ የሚል ነው። እኛም ይህንኑ አደረግን። መውደቁ ቆመ፤ ደስ አለን፤ ሥራው አለቀ ብለን ወደ ሌላ ተሻገርን።

የባልደረባዬ ሁለት ቀን የጠፋው በዚህ እርማት ምክንያት ነው።

መደርደሪያው ላይ ያለ ባዶ ፋይል ከውጭ ሲታይ ከተሟላው ፋይል አይለይም። እርሷ ከስትራክቱ ጀመረች። ስትራክቱ ተመዘገበ፤ መጠኑ ግን ገና አልተሞላም፤ ዜሮ ነው። ንባቡ በፖይንተሩ በኩል አሬዩ ዘንድ ደረሰ፤ አሬዩ ታይፕዴፉን ጠየቀ፤ ታይፕዴፉ ስትራክቱን ጠየቀ፤ ስትራክቱ መደርደሪያው ላይ ተገኘ፣ መጠኑም ዜሮ ተባለ። ስድስት ጊዜ ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ ስትራክቱ በመጨረሻ 12 ባይት ተብሎ ተሞላ፤ አሬዩን ግን ተመልሶ የሚያርመው አልነበረም። እኔ ከአሬዩ ስለጀመርኩ ስትራክቱ እስኪሞላ አሬዩ ጠበቀ፤ ስድስት ጊዜ 12፣ 72 ሆነ። ክብ መነሻ የለውም፤ ብዙ በር ግን አለው። አንዱ በር እውነቱን ያሳያል፣ ሌላው ይዋሻል። የቀድሞው መውደቅ ከዚህ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ማንም ሰው የወደቀ ዲባገር ነገረኝ ብሎ ኮዱን አያፈርስም።

ማረሙን ስንጀምር ቀላል መስሎን ነበር። ድዋርፍ የስትራክቱን መጠን በራሱ በስትራክቱ ግቤት ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፤ አባላቱን መደመር አያስፈልግም። እኛ ግን መጠኑን የሚያነብበውን መስመር ከፋንክሽኑ ግርጌ አስቀምጠነው ነበር። ማንም አስቦበት ያደረገው አይደለም፤ እዚያ ተጻፈ፣ እዚያው ቀረ። ወደ ላይ አወጣነው። የስትራክቱ በር ተስተካከለ። ባልደረባዬ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። በታይፕዴፉ በር ገባች፤ አሬዩ እንደገና ዜሮ ሆነ። ታይፕዴፍ የራሱ መጠን የለውም፤ ከሚወክለው ዓይነት ነው የሚወርሰው። ተመዝግቦ ሳይሞላ ክቡ ዞሮ ከደረሰበት ያው ባዶ ፋይል ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን እርማት ሠራን። እያንዳንዱ ዓይነት ያልተከፈተ፣ በመሞላት ላይ ያለ ወይም የተሟላ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ምልክት ይያዝ አልን። በመሞላት ላይ ያለ ዓይነት መጠኑን ሲጠየቅ ዜሮ ብሎ እንዳይመልስ ከለከልነው። ጠያቂው ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስሙን ያስመዘግባል፤ ክቡ ሲዘጋ የተጠባባቂዎቹ መጠን ይሰላል። የጎ ላይብረሪም ታይፕዴፎችንና አሬዮችን እንዲህ ለይቶ መጨረሻ ላይ ያስተካክላል። ባልደረባዬ ለእያንዳንዱ በር አንድ መፈተሻ ጻፈች፦ በስትራክቱ፣ በፖይንተሩ፣ በአሬዩ፣ በታይፕዴፉ። ቀጥላ እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ ሁለት ስትራክቶችን፣ እርሱ ራሱ አባል የሆነበትን ስትራክት እንደ ግብዓት የሚቀበል የፋንክሽን ፖይንተርንም ጨመረች። ዲባገር የምትሠሩ ካላችሁ በአንድ በር ብቻ ገብታችሁ አለፈልን አትበሉ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ። እስከ አሁን ያልነው ፋይል ዘግይቶም ቢሆን ይሞላል። የማይሞላም አለ። በሲ ቋንቋ አንድ ሄደር (ዓይነቶችን ለሌሎች ፋይሎች የሚያስታውቅ ፋይል) «እገሌ የሚባል ስትራክት አለ» ብሎ ዝርዝሩን ሊተው ይችላል፤ ዝርዝሩ በሌላ ፋይል ወይም በሌላ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ድዋርፍ እንዲህ ያለውን ግቤት «ይህ ማስታወቂያ ብቻ ነው» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ዲባገሩ ያንን ሲያይ ዝርዝሩን በሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1986 ሪቻርድ ስታልማን የጀመረው፣ ጂዲቢ የተባለው ዲባገር ይህንን ፍለጋ ያውቃል፤ ካልተከለከለ በስተቀር በራሱ ይፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ ዝርዝሩን የሚደብቀው ኮምፓይለሩ ነው። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር በሊኑክስ ላይ ሲሠራ የመግለጫው መጠን እንዳይገዝፍ፣ አንዳንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ክላሶችን ሙሉ ዝርዝር በአንድ ቦታ ብቻ ጽፎ በሌላው ቦታ ማስታወቂያ ይተዋል። ያ አንድ ቦታ ያለ ዲባግ መግለጫ የተሠራ ላይብረሪ ውስጥ ከሆነ ዝርዝሩ ከየትም አይገኝም። ኤልኤልዲቢ የተባለው ዲባገር የተሠራው በክላንግ ላይ ስለሆነ ችግሩ እዚያ ይብሳል። ክላንግ አንድ ክላስ የሚወርሰው መነሻ ክላስ የግድ የተሟላ እንዲሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ኤልኤልዲቢ ዝርዝሩን ያጣለትን ክላስ በግድ «ተሟልቷል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ለረጅም ጊዜ ተጠቃሚው የሚያየው ምንም አባል የሌለው ክላስ ነበር። በኋላ «ያልተሟላ ዓይነት» የሚል ጽሑፍ እንዲታይ ተደረገ። ለእኔ ያቺ አጭር ጽሑፍ ከብዙ ትልልቅ ማሻሻያዎች ትበልጣለች።

ጂዲቢም ሁለቱን አነጋገሮች ያውቃል። ዝርዝሩ ያልተነገረውን ዓይነት «ያልተሟላ ዓይነት» ብሎ ያሳያል። ፍለጋውን ብታጠፉት ግን መመሪያው ራሱ እንደሚለው «የዳታ አባል የለውም» ብሎ ያትማል። እነዚህን ሁለት መልሶች ጎን ለጎን አንብቧቸው። ሆስፒታል ሄዳችሁ «ካርድዎ አልተገኘም» መባልና «ምንም ሕመም የለብዎትም» መባል አንድ ነውን? ፕሮግራመሩ ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ሲያነብ የሚቀጥለውን አንድ ሰዓት የሚያውለው በመልሱ ተመርቶ ነው።

ስለ ኅትመት፣ ማለትም ዳታውን በስክሪን ላይ ስለ ማሳየት፣ ጥቂት ብቻ ልበል። የዓይነቱ ክብና የዳታው ክብ የተለያዩ ናቸው፤ የዓይነቱን ፈትታችሁ የዳታው ሊቀር ይችላል። ሀ ለን፣ ለ መልሶ ሀን የሚጠቁም ዳታ ያለ ገደብ ከታተመ አያልቅም። ጂዲቢ ከ9.1 እትሙ ጀምሮ የጥልቀት ገደብ አለው፤ ሳይነካ ከተተወ 20 ነው። የጎ ዲባገር የሆነው ዴልቭም የራሱ ገደብ አለው። ገደብ ማበጀቱ ቀላል ነው፤ ገደቡ ላይ ሲቆም «ከዚህ በላይ አለ» የሚል ምልክት ማሳየቱን ግን አትርሱ።

ከመካከላችሁ እነዚህን ክፍት ዲባገሮች የምትጠቀሙ ብዙዎች ናችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የራሳችሁን ኮድ ብቻ አትጠርጥሩ። ችግሩን በሃያ መስመር ውስጥ የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፉ፤ የኮምፓይለሩን ትእዛዝ፣ የጠየቃችሁበትን ቅደም ተከተልና የተመለሰላችሁን መልስ አያይዛችሁ ለሠሪዎቹ ላኩ። ቅደም ተከተሉን በተለይ አትተዉ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

እኛ ያልፈታነው አንድ ነገር አለ። ሁለት ላይብረሪዎች ለአንድ ስም ሁለት የተለያየ ዝርዝር ይዘው ሲመጡ፣ ያ ስም በማስታወቂያ ብቻ በተጠቀሰበት ሦስተኛ ፋይል ውስጥ የትኛውን እናሳይ? ዲባገራችን እስከ ዛሬ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፤ ይህም አልተመቸኝም። ሁለቱንም ዘርዝሮ ምርጫውን ለተጠቃሚው መተው ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ ባልደረባዬ ግን አንድ አባል ለማየት የመጣ ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት አይገባም ትላለች። እርሷም እዚሁ አለች። ሐሳብ ያላችሁ በሻይ ሰዓት ወደ እኛ ጠረጴዛ ኑ፤ ፕሮግራሙን ከፍተን አብረን እናየዋለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።