ውዝፍ አይደር፦ ለአዲስ የፊዚሺያን አሲስታንት ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ?

እንኳን ደስ አላችሁ! የመግቢያው ውድድር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ እናውቃለን። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከፊታችሁ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴሚስተሮች ናቸው።

ከሐኪም ጋር ሆኖ የሚመረምርና የሚያክም ባለሙያ የምትሆኑበት ይህ ሙያ ከጥንስሱ ጀምሮ ጥድፊያ ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲጀምሩ የተቀበሏቸው 4 ተማሪዎች ቀደም ሲል በአሜሪካ ባሕር ኃይል በሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ ነበሩ። ልምድ ያለውን ሰው በአጭር ጊዜ ለሥራ ማብቃት ነበር ሐሳቡ። ዛሬም የአሜሪካ ፕሮግራሞች በአማካይ 27 ወር ገደማ ይፈጃሉ፤ ግማሽ ያህሉ በክፍል፣ ቀሪው በሆስፒታልና በክሊኒክ ያልፋል። ዛሬ የምናወራው ስለ ክፍሉ ነው።

አንድ ስላይድ ነጥላችሁ ብታዩት የማይገባ ነገር የለውም። ሰው የሚጥለው ውዝፍ ነው። እስቲ አስሉት፤ በቀን 4 ሌክቸር፣ እያንዳንዱ 60 ስላይድ ቢሆን፣ በአምስት ቀን 1,200 ስላይድ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ጉንፋን ይዟችሁ ሳታነቡ ብታሳልፉ ሐሙስ ጠዋት 480 ስላይድ ይጠብቃችኋል፤ የሐሙሱ ደግሞ ገና አልተጀመረም። ፈተናው ሰኞ ነው።

ስለዚህ አንድ ሌክቸር በእጃችሁ ሲገባ ምን እንደምታደርጉበት ከአሁኑ ወስኑ። ከዋዜማው ማታ 15 ደቂቃ በቂ ነው፤ ርዕሶቹንና መምህሩ ያስቀመጣቸውን የትምህርት ዓላማዎች ብቻ እዩ። ክፍል ውስጥ ስላይዱ ላይ ያለውን አትገልብጡ፣ አለና! ስላይዱ ላይ የሌለውን፣ መምህሩ ቆም ብሎ የደገመውን፣ «ይህን ከዚያ ጋር እንዳታምታቱ» ያለውን ጻፉ። ዋናው ሥራ የሚሠራው በዚያው ቀን ማታ ነው። ሁሉንም ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን 10 ደቂቃ ጻፉ። ከዚያ ስላይዱን ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያ ሁለተኛው ቀለም የነገ ጥናታችሁ ነው። በማድመቂያ ቢጫ የተቀባ ገጽ ደስ ይላል፤ ደጋግመን ስላየነው ብቻ ያወቅነው ይመስለናል፤ ፈተናው ግን ከባዶ አውጡ ነው የሚለው።

ስለ ፍላሽ ካርድ፣ ማለትም በአንድ ገጹ ጥያቄ በሌላው መልስ ስላለበት የጥናት ካርድ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እንደ አንኪ ያሉ ፕሮግራሞች ካርዱን በረዘመ በረዘመ ጊዜ ልዩነት ስለሚመልሱት ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ተማሪ የሚሰምጠውም በእነሱው ነው። በየቀኑ የምትጨምሩት አዲስ ካርድ እያደር እስከ 10 እጥፍ የሚደርስ የዕለት ክለሳ ይጎትታል። ከአንድ ሌክቸር 15 ካርድ ብታወጡ በ4 ሌክቸር 60 ነው፤ ክለሳው በቀን 450 ቢደርስ፣ ለአንዱ 8 ሰከንድ ሲያዝ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ይህ ይቻላል። ከአንዱ ሌክቸር 80 ካርድ የምታወጡ ከሆነ ግን በሦስተኛው ሳምንት ፕሮግራሙን መክፈት ትፈራላችሁ።

የካርዱ አሠራርም ይለያያል። ሊሲኖፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ውሰዱ፤ «ስለ ሊሲኖፕሪል አብራራ» የሚል ካርድ ካርድ አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው። ከፋፍሉት። ለምን ደረቅ ሳል ያመጣል? መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባለውን የሰውነት ንጥረ ነገር ጭምር የሚሰባብር ስለሆነ፣ ሲታገድ ብራዲካይኒን ይከማቻል። ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ምን ይለካል? ፖታሲየምና ክሪያቲኒን። ለነፍሰ ጡር ይሰጣል? አይሰጥም። የታካሚው ከንፈርና ምላስ ካበጠስ? አንጂዮኤዲማ ነው፤ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ዳግም አይሰጥም። አራት ጥያቄ፣ አራት አጭር መልስ። «ፕሪል» በሚል የሚያልቁት ወንድሞቹ ሁሉ ይህንኑ ስለሚጋሩ አንዱን በደንብ ያወቀ ብዙዎቹን አወቀ። ፋርማኮሎጂን በመድኃኒት ስም ዝርዝር የሚጀምር ሰው ይደክማል፤ በቤተሰብ የሚጀምር ያተርፋል።

አናቶሚ ሌላ ዓለም ነው። አትላሱ፣ ማለትም የገላ ሥዕል መጽሐፉ፣ ላይ ነርቩ ቢጫ፣ አርተሪው ቀይ፣ ቬኑ ሰማያዊ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተኛው አስከሬን ግን ፎርማሊን ስለጠጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ቡኒ ነው። በተግባር ፈተና ላይ አንዲት ክር የመሰለች ነገር ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ አንድ ደቂቃ ተሰጥቷችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ትባላላችሁ። በቀለም ያጠና እዚህ ላይ ይቀራል፤ የሚያዋጣው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው።

ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች መረብ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ እንውሰድ፤ አዲስ ተማሪ ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው። ከአከርካሪ በሚወጡ፣ ከሲ5 እስከ ቲ1 በሚባሉ 5 የነርቭ ሥሮች ይጀምራል፣ 3 ግንድ ይሆናል፣ ወደ 6 ይከፈላል፣ እንደገና ወደ 3 ገመድ ይሰበሰባል፣ በ5 ዋና ነርቮች ያበቃል። ይህን በባዶ ወረቀት ላይ በ2 ደቂቃ መሳል እስክትችሉ በየቀኑ ሳሉት። ላብራቶሪ ስትገቡ ግን ከሥሩ አትጀምሩ። ብብቱ ውስጥ፣ ከአክሲላሪ አርተሪ ፊት ለፊት፣ የላቲኑን «ኤም» ፊደል የሚመስል ቅርጽ ፈልጉ። የውጭኛው እግር ሙስኩሎኪዩቴኒየስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ ኮራኮብራኪያሊስ የሚባለውን ጡንቻ በስቶ ሲገባ ታዩታላችሁ። መሐሉ ላይ ሁለቱ ክንዶች የሚገናኙበት ሚዲያን ነው። የውስጠኛው እግር አልናር ነው፤ ተከተሉት፣ ከክርን አጥንቱ ጀርባ ይዞራል። «ኤሙ» ከተገኘ ሌላው በእሱ ይለካል። የራሳችሁን ጠረጴዛ ብቻ ለምዳችሁ አትቅሩ፤ የሰው ገላ ስለሚለያይ መርፌው የሚሰካው የጎረቤት አስከሬን ላይ ሊሆን ይችላል። መልስ ስትጽፉ ቀኝ ወይም ግራ ማለትን አትርሱ፤ በዚህች ብቻ ነጥብ የሚያጣ ብዙ ነው። ያ ሰው ገላውን ለእናንተ ትምህርት የሰጠ ሰው መሆኑንም አትዘንጉ፤ ሥራችሁን ስትጨርሱ ሸፍኑት።

በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ለምንማር ሰዎች ደግሞ የድምፅ ወጥመድ አለ። ሃይፖና ሃይፐር በፈጣን ንግግር ይምታታሉ፤ አንዱ ማነስ ሌላው መብዛት ስለሆነ መልሱ ይገለበጣል። ዲስፌጂያ ለመዋጥ መቸገር ነው፣ ዲስፌዥያ የንግግር ችግር። ኢሊየም ሲባል ዳሌም አንጀትም ሊሆን ይችላል፤ አጠራሩ አንድ ነው፣ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። እንዲህ ያሉትን ጥንዶች አንድ ወረቀት ላይ ሰብስቡ፣ ጮክ ብላችሁም አንብቡ።

ወደ ክሊኒካል ሜዲሲን ስትገቡ ለእያንዳንዱ በሽታ ስድስት ነገር ያዙ፦ ማንን ይይዛል፣ ታካሚው ምን ይላል፣ ምርመራ ላይ ምን ይታያል፣ መጀመሪያ ምን ይታዘዛል፣ የሚያረጋግጠው ምንድን ነው፣ መጀመሪያ ምን ይሰጣል። አራተኛውና አምስተኛው ላይ ተጠንቀቁ። የሳንባ ደም ሥር መደፈን ሲጠረጠር፣ ጥርጣሬው ዝቅተኛ ከሆነ ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ ከፍተኛ ከሆነ በቀጥታ የደም ሥሮቹን ወደሚያሳየው የሲቲ ምርመራ፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ይኬዳል። በሽታው አንድ ነው፣ መልሱ ግን ሁለት ነው። በመጨረሻ የሚጠብቃችሁ የአሜሪካ የሙያ ማረጋገጫ ፈተና፣ ፓንስ፣ 300 ጥያቄ አለው፤ በ60 ደቂቃ 60 እየሆነ በ5 ዙር ይቀርባል። ለአንዱ አንድ ደቂቃ ነውና ረጅሙን የታካሚ ታሪክ ከማንበባችሁ በፊት የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩ።

የአካል ምርመራ ፈተና ላይ ብዙ አንቆይም። ሦስት ሆናችሁ ተለማመዱ፤ አንዱ ታካሚ፣ አንዱ መርማሪ፣ አንዱ የነጥብ ወረቀቱን ያዥ። ነጥብ የሚያስጥሉት ትንንሾቹ ናቸው፦ እጅ አለመታጠብ፣ በልብስ ላይ ማዳመጥ፣ ሆድን ሳያዳምጡ መጫን።

ብትወድቁስ? የፕሮግራማችሁን መመሪያ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ማለፊያው ስንት እንደሆነ፣ ድጋሚ ፈተና ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ፣ ድጋሚው ሲታለፍ የሚመዘገበው ነጥብ ስንት እንደሆነ እዩ። ኮርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጡ አንድ ኮርስ መውደቅ ከቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ጋር መቀላቀልን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው መጥፎ ውጤት በመጣ በሁለት ቀን ውስጥ አማካሪያችሁን አግኙ። ስትሄዱ የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ለይታችሁ ሂዱ፦ ያላወቅሁት፣ ከሌላ ያምታታሁት፣ ጥያቄውን አጣምሜ ያነበብኩት፣ ትክክሉን ጽፌ የቀየርኩት። ላላወቀ ሰው ተጨማሪ ጥናት ይረዳዋል፤ አጣሞ ላነበበ ግን አሥር ሰዓት ቢጨምር ለውጥ የለውም።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ የተጠናው ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ነውና ከ7 ሰዓት አታውርዱ። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ውዝፍ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ይታመማል፣ ልጅ ይታመማል። ያኔ ከኋላ ለመጀመር አትሞክሩ፤ ስህተቱ እሱ ነው፣ የዛሬው እንደገና ውዝፍ ይሆንባችኋል። የዛሬውን ዛሬ ጨርሱ፤ ከዚያ ከውዝፉ በቀን አንድ ሌክቸር ብቻ፣ መጀመሪያ ፈተና የሚቀርበውን አስቀድማችሁ ውሰዱ። ለውዝፉ ስላይዱን በሙሉ አታንብቡ፤ የትምህርት ዓላማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጥያቄ ቀይራችሁ መልሱ። ስምንት ሌክቸር ቢሆን በስምንት ቀን ያልቃል፤ ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ብታደርጉ በስድስት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ማይክራፎኑ ከኋላ ይጀምራል።