ደንገጎ ላይ ሬዲዮ ይዞ መውጣት፦ ለማን የትኛው አንቴና?

[ምስል፦ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ። ከላይ ሲታይ ከተማዋ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች።]

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው እርስ በርስ የሚያወሩበት ሬዲዮ፣ በጀርባችን አዝለን ተራራ እንወጣለን። ስለ ሬዲዮው ብዙ አላወራም። የማወራው ስለ ሽቦ ነው። ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጫፍ ላይ ሲደረስ ቶሎ ስለሚተከል አንቴና።

ቦታችን ደንገጎ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ስትደርሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥታችኋል። እዚህ ቆማችሁ ከሦስት ሰዎች ጋር ማውራት ፈለጋችሁ እንበል። አንዱ ከታች ከዚራ ሰፈር ነው። ሌላው አዲስ አበባ። ሦስተኛው አውሮፓ፣ ጣሊያን በሉት።

ብዙ ሰው «ተራራ ላይ ከወጣሁ ለሁሉም ይመቸኛል» ብሎ ያስባል። ተራራው ግን የሚጠቅማችሁ ለከዚራውና ለጣሊያኑ ነው። ለአዲስ አበባው ምንም አይፈይድም። ይህን የያዘ ሰው አንቴና ሲመርጥ ብዙ አይቸገርም።

[ምስል፦ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ፤ ከታች የተንጠለጠለ ቀጭን ሽቦ።]

ከቀላሉ እንጀምር። ለከዚራው የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። በእኛ ክፍለ ዓለም አማተሮች ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ይጠቀማሉ። ይህ ሞገድ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ተራራ አይዞርም፣ አፈር አይሰረስርም። ዓይናችሁ ከተማዋን ካየ ሬዲዮውም ያያታል። እዚህ ላይ ከፍታ ሁሉ ነገር ነው።

አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ደካማ ነው። 49 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ አንቴናው በሚታሰርበት ብረት ዙሪያ አስሩትና ወደ ታች ይንጠልጠል። ሽቦው የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህል ስለሚረዝም የጎደለውን የአንቴና ግማሽ ይተካል። ወጪ የለውም፤ ለውጡ ግን ጆሮ ላይ ይሰማል።

[ምስል፦ በጣት የተሳለ ንድፍ፤ ከተራራ ወደ ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ የሚወርድ መስመር።]

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ከድሬዳዋ በአየር መስመር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ የጨርጨር ተራሮች አሉ። የእጅ ሬዲዮ አይሞከርም። መፍትሔው 7 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ አማተሮች በሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር የሚሉት ባንድ (የድግግሞሽ ክልል)። እዚህ ሞገዱን ወደ አድማስ አንልከውም። ቀጥ አድርገን ወደ ሰማይ ነው የምንልከው። ላይኛው አየር ላይ፣ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው አዮኖስፌር የሚባል ንብርብር አለ። የውሃ ጎማ ወደ ጣሪያ ብትረጩ ውሃው ዙሪያውን እንደሚዘንበው፣ ሞገዱም እዚያ መትቶ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል። ሐረር ይሰማል፣ ጅጅጋ ይሰማል፣ አዳማና አዲስ አበባም ይሰማሉ። ሸለቆ ውስጥ ብትሆኑም ይሠራል፤ ከላይ የመጣን ነገር ተራራ አይጋርደውም።

ታዲያ ሞገዱ ወደ ላይ እንዲሄድ ሽቦው ዝቅ ማለት አለበት። ከመሬት 5 ወይም 6 ሜትር በቂ ነው። ሽቦውን ረጅም ዛፍ ጫፍ ለመስቀል የሚደክም ሰው አያለሁ፤ ልቤ ያዝንለታል። ለሀገር ውስጥ ወሬ ያ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። በዚህ ባንድ ላይ ወሳኙ ሽቦው ከእግራችሁ በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ እንጂ እናንተ ከባሕር በላይ ስንት እንደሆናችሁ አይደለም። ሰዓት ግን ምረጡ። ቀን ጥሩ ነው። ሲመሽ ይኸው ባንድ ብዙ ጊዜ ቅርቡን ዘሎ ሩቁን ማምጣት ይጀምራል።

ሦስተኛው ጣሊያን ነው። ለእሱ 14 ሜጋ ኸርዝ፣ ማለትም 20 ሜትር ባንድ እንጠቀማለን። አሁን ሞገዱ ዝቅ ብሎ፣ አድማስን ታክኮ እንዲወጣ እንፈልጋለን። ሜዳ ላይ ይህን ለማግኘት ሽቦውን 10 ሜትርና ከዚያ በላይ መስቀል ያስፈልግ ነበር። በጀርባ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ይህ ከባድ ነው። የደንገጎ ጸጋ እዚህ ጋ ነው። ሸንተረሩ የሚወርደው ወደ ሰሜን፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ አፋር ቆላ ነው። አውሮፓም ያለችው በዚያው በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ነው። መሬቱ ከፊታችሁ ሲወርድ ሞገዱም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ባለ 6 ሜትር ዘንግ ሜዳ ላይ ያልነበረውን ጉልበት ያገኛል። ስለዚህ ለጣሊያኑ የአናቱን መሐል ትታችሁ ሰሜናዊው ጠርዝ ላይ ትከሉት። ጠርዝ ስል ገደል አፋፍ አይደለም፤ ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ደህና መሬት ማለቴ ነው። ሽቦውም ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘርጋ። ዳይፖል፣ ማለትም ከመሐል በሁለት ክንድ የሚዘረጋው የሽቦ አንቴናችን፣ በጎኑ እንጂ በጫፉ አይናገርም።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ፦ ቀይና ጥቁር የስፒከር ሽቦ፣ የጀሪካን ቁራጭ፣ ሁለት ብሎን፣ የዲሽ ኬብል።]

ደስ የሚለው፣ ለአዲስ አበባውም ለጣሊያኑም አንድ አንቴና ይበቃል። ስሌቱ አጭር ነው። 143ን በሜጋ ኸርዙ ታካፍላላችሁ፤ የሽቦው ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ይወጣል። ለ14.2 ሜጋ ኸርዝ 10.07 ሜትር ነው፤ ለሁለት ጎን ሲከፈል በየጎኑ 5.03። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ 20.14፤ በየጎኑ 10.07። አያችሁ፣ አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ስለዚህ በየጎኑ 5 ሜትር ሽቦ፣ ከዚያ ማያያዣ፣ ከዚያ ሌላ 5 ሜትር። ማያያዣው ሲገጠም አዲስ አበባ፣ ሲፈታ ጣሊያን።

ሽቦው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚገኘው ቀይና ጥቁር የስፒከር ሽቦ ነው። ሁለቱን ሰንጥቃችሁ ለያዩአቸው፤ ሁለት ክንድ ሆነ። አሁን መሐሉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከአሮጌ ጀሪካን መዳፍ የሚያክል ፕላስቲክ ቁረጡ። ከላይ አንድ ቀዳዳ፣ እሱ ለሲባጎ። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ቀዳዳ። ሽቦውን በሦስቱ ቀዳዳ እያወጣችሁ እያስገባችሁ አሳልፉት፤ ንፋስ ሲጎትተው ክብደቱ ፕላስቲኩ ላይ ያርፋል፣ መጋጠሚያው ላይ አያርፍም። ከዚያ ሁለት ብሎን ከነዳዶአቸው። በአንዱ ብሎን ቀዩ ሽቦና የኬብሉ መሐል ሽቦ ይታሰራሉ። በሌላው ጥቁሩ ሽቦና የኬብሉ መረብ።

ኬብሉ በየጣሪያው ያለው የዲሽ ኬብል ሊሆን ይችላል። 75 ኦም ነው፤ ሬዲዮው 50 ይፈልጋል፤ ልዩነቱ ግን የሚያስጨንቅ አይደለም። መረቡ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ በካውያ ለመበየድ አትድከሙ፤ አይዝም። ብሎን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የዲሽ ኬብሉ ደረቅና ወፍራም ስለሆነ ለመጠቅለል ያስቸግራል፤ የሬዲዮውን ጉልበት ግን ብዙ አይበላም። አርጂ 174 የሚባለው ቀጭን ኬብል ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በ14 ሜጋ ኸርዝ 10 ሜትሩ ከሬዲዮአችሁ ጉልበት ሩብ ያህሉን ያስቀራል። በ5 ዋት ለሚሠራ ሰው ሩብ ቀላል አይደለም። እኔ ሸክሙን እመርጣለሁ።

ሽቦውን መጀመሪያ ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ። ፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ከስሌቱ ትንሽ አጠር ማለት ይፈልጋል። ከዚያ አንቴናው ከሬዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተስማማ በሚያሳየው በኤስደብሊውአር መለኪያ ዝቅተኛውን ቁጥር ፈልጉ። ዝቅተኛው ከፈለጋችሁት ድግግሞሽ በታች ከወደቀ ሽቦው ረዝሟል። አትቁረጡት፤ ጫፉን መልሳችሁ ራሱ ላይ ጠምጥሙት። መጀመሪያ ማያያዣውን ፈትታችሁ 20 ሜትሩን ጨርሱ። ቀጥሎ ገጥማችሁ 40 ሜትሩን። ተገላቢጦሽ ከሄዳችሁ የውስጠኛውን ባስተካከላችሁ ቁጥር የውጪው ይበላሻል።

[ምስል፦ ዘንጉ ቆሟል፤ ሁለቱ ክንዶች ወደ ጎን ዝቅ ብለዋል።]

መሐሉ ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ክንዶቹ ወደ ታች። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ፋይበር ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካርቦን ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ይቅር። ቀርከሃም ይሠራል። ጫፎቹ ከሰው ቁመት በላይ ይሁኑ። ስታወሩ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለው እዚያ ነው፤ የነካ ይቃጠላል። ደንገጎ ላይ እረኞችና ልጆች ስለሚያልፉ ሲባጎው ላይ የሚታይ ጨርቅ እሰሩ። የመብራት መስመር አጠገብ ፈጽሞ አትትከሉ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ካጉረመረመ ሽቦውን አውርዳችሁ ከአናቱ ውረዱ። ክርክር የለም።

ስለ ፈቃድም ልናገር። ሬዲዮ ለማስተላለፍ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ መናገሪያው አይነካም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ከወረቀቱ ሌላ ደግሞ የአካባቢው ሰው አለ። ተራራ ላይ ሽቦ የሚዘረጋ እንግዳ ያጠራጥራል፤ መጠርጠራቸውም ትክክል ነው። ቀበሌ ገብታችሁ አስታውቁ። ባለ ማሳውን በኦሮምኛ ሰላም በሉት፣ አስፈቅዱት፣ ጫቱንና ቡናውን አትርገጡ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጥታችሁ እንዲሰማ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ሲባጎውን የሚይዝላችሁ እሱ ነው። ወደ ቁልቢ አቅጣጫ የምትሄዱ ከሆነ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19ን ለንግሡ ተዉት፤ መንገዱም ሸንተረሩም ሰው ነው።

ስትጨርሱ ሽቦውን በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መካከል የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ጠቅልሉት። ክብ አድርጋችሁ ከጠቀለላችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ንፋስ ላይ ቋጠሮ ስትፈቱ ነው የምትውሉት። ርዝመቶቹን አሁን ስክሪኑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ፎቶ አንሱት።

[ምስል፦ 20 ሜትር ባንድ፦ በየጎኑ 5.03 ሜትር። 40 ሜትር ባንድ፦ በየጎኑ 10.07 ሜትር። የእጅ ሬዲዮ ሽቦ፦ 49 ሴንቲ ሜትር።]