መስመሮች ሲደራረቡ፦ ድልድይን በጋራ ካርታ ላይ ስለ ማስፈር

የተከበራችሁ የካርታ ሥራ ባልደረቦቼ፣

ከሰማይ ወደ ምድር ለሚመለከት ሰው፣ በድልድይ ላይ የሚያልፍ መንገድና ከሥሩ የሚያልፍ መንገድ የመስቀል ቅርጽ ሠርተው ይታያሉ፤ መሬት ላይ ግን አይገናኙም። ዛሬ የምናገረው ይህ ልዩነት በመረጃው ውስጥ ሳይጠፋ እንዲቀመጥ ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በጋራ በሚሠሩት የዓለም ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ፣ ሁለት መንገዶች ተገናኝተዋል የሚባለው መስመሮቻቸው አንድ ነጥብ ሲጋሩ ነው። ስለዚህ በድልድዩ መካከል የጋራ ነጥብ ያስቀመጠ ሰው፣ አቅጣጫ ጠቋሚው ፕሮግራም አሽከርካሪውን ከላይኛው መንገድ ወደ ታችኛው እንዲታጠፍ ያዝዘው ዘንድ በር ይከፍታል። ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቸልተኝነት ሳይሆን ከቅንነት ይመስለኛል፤ ሶፍትዌሩ መስመሮች የጋራ ነጥብ ሳይኖራቸው ይተላለፋሉ ብሎ ሲያስጠነቅቅ፣ ነጥብ ጨምሮ ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት እጅግ ቀላል ነውና።

ትክክለኛው አሠራር መስመሩን በድልድዩ ሁለት ጫፎች ላይ ቆርጦ፣ ለመካከለኛው ቁራጭ ብቻ ድልድይ መሆኑን የሚገልጽ መለያና ሌየር የምንለውን የንብርብር ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩ በተለምዶ ከ-5 እስከ 5 ሲሆን፣ ምንም ያልተጻፈበት ተራ መንገድ እንደ 0 ይቆጠራል። ከፍታን ግን አይለካም፤ 2 የተጻፈበት ድልድይ 1 ከተጻፈበት በምን ያህል ሜትር እንደሚበልጥ አይነግረንም፤ እዚያው ቦታ ላይ ከሚተላለፉት መካከል የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደሆነ ብቻ ይናገራል። አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ መድረሻው -1 ብሎ መሰየምም ብልሃት ቢመስልም፣ ያልተመዘገቡትን ድልድዮች ስሕተት ከሚፈልግ መርማሪ ዓይን ይሰውራል እንጂ አንዱንም አያስመዘግብም።

ውኃው ከመንገዱ ሥር በቱቦ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ድልድይ አይባልም፤ የሚቆረጠው የውኃው መስመር ነው፤ የቱቦ መለያም የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ከአየር ላይ በተነሣ ምስል ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ቦታውን በአካል ያየ ሰው ምስክርነት ከምስሉ ይልቅ ይታመናል።

የመኪና፣ የእግረኛና የባቡር መስመሮች ጎን ለጎን በአንድ ድልድይ ላይ ሲያልፉ፣ ሦስት የተለያዩ ድልድዮች እንዳይመስሉ የድልድዩን አካል ዙሪያውን በአንድ ቅርጽ መክበብ ይቻላል።

የተሽከርካሪ ከፍታ ገደብ በድልድዩ ጎን ላይ ተለጥፎ ቢታይም፣ የሚመዘገበው ከሥር በሚያልፈው መንገድ ላይ ነው። በላይኛው ላይ ከተጻፈ፣ በነጻነት ማለፍ የሚችለው ከባድ መኪና ዙሪያ ጥምጥም ይላካል፤ መታገድ የነበረበት ግን ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ ይነዳል።