ድረ ገጽ ሲዘጋ ስሙ በመጨረሻ ይለቀቃል

የተከበራችሁ የጎንደር የድረ ገጽ ባለሙያዎችና ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከራስ ኪስ እየተከፈለ ለዓመታት የቆየ ድረ ገጽ አንድ ቀን መዘጋቱ አይቀርም። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ አለመዘጋታቸው ነው፤ ዝም ብለው ይተዋሉ። የክፍያው ጊዜ ያልፋል፤ የጥምቀቱ ፎቶ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥዕል ማብራሪያ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ቅጂ ያዙ። ወርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ጽሑፉ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ፣ ፎቶው ግን «አፕሎድስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ሁለቱንም ማውረድ ያስፈልጋል። ወረደ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ጫኑና የአማርኛ ገጽ ከፍታችሁ አንብቡ። «ጎንደር» የሚለው ቃል አራት ፊደል ነው። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ቃሉ 12 ባይት ይሆናል። ሲወርድ ኢንኮዲንጉ (ይህ የአቀማመጥ ዘዴ) የግዕዝ ፊደል ወደሌለው ላቲን-1 ከተቀየረ ግን «????» ሆኖ ይቀራል፤ ያን ፋይል ማንም መልሶ አያነበውም። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ገጽ ካለ ፎንቱም አብሮ ይቀመጥ፤ ያለ እሱ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ነው።

የተመዘገቡ ሰዎችን ስልክ፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል አጥፉ እንጂ አታስቀምጡ። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፤ አዋጁ ባይኖርም የሰው አደራ ነው።

የቀሩትን ገጾች ወደ ተራ ኤችቲኤምኤል (ያለ ዳታቤዝ ወደሚከፈት ፋይል) ቀይሯቸው። ወርድፕሬስ የሚሠራበትን ፒኤችፒ የሚያድስ ሰው ከሌለ ሰርጎ ገብ ይጫወትበታል፤ ተራ ፋይል ግን እድሳት አይጠይቅም። የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው ዌይባክ ማሽን ላይም አስቀምጡ። እሱ ሊንክ እየተከተለ እንጂ የፍለጋ ሳጥን እየሞላ አይሄድም፤ ስለዚህ የገጾቹን ሁሉ ሊንክ የያዘ አንድ ማውጫ አስቀድማችሁ ሥሩ።

አሁን ወደ ዶሜኑ፣ ማለትም ወደ ድረ ገጹ ስም እንምጣ፤ ትልቁ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው። የዶሜኑ መለያ (አካውንት) የተከፈተው በዚያው ድረ ገጽ ኢሜይል ከሆነ፣ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) በተቋረጠ ሰዓት ኢሜይሉም ይሞታል፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም የሚላከው ወደዚያ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። ካርዱ ሲቀየር ክፍያው ይቆማል፣ ማስጠንቀቂያውም ለዘመድ ይደርሳል። መለያውን አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ኢሜይል አዙሩት፤ በዶሜኑ ኢሜይል የተከፈተ የፌስቡክ ገጽና የዩቲዩብ ቻናል ካለም እንዲሁ።

የዶት ኮም ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። እንደ ሻጩ ድርጅት እስከ 45 ቀን በተለመደው ዋጋ ይታደሳል፤ ከተሰረዘ በኋላም 30 ቀን በተጨማሪ ክፍያ ይመለሳል፤ ከዚያ 5 ቀን ተቆልፎ ለማንም ክፍት ይሆናል። የቁማር ድርጅት ሊወስደው ይችላል፤ የወሰደው ሰው ለአሮጌው አድራሻ የሚላከውን ደብዳቤም መቀበል ይችላል። ስለዚህ ሆስቲንጉ ቢቋረጥም ስሙን ቢያንስ ሁለት ዓመት እያደሳችሁ ያዙት። ጎብኚውን ወደ ተቀመጠው ቅጂ በ301 (በቋሚ ማዞሪያ ኮድ) ምሩት፤ ለዘለቄታው የተነሳው ገጽ ደግሞ 410 («ተነሥቷል» የሚል ኮድ) ይመልስ።

ሆስቲንጉን የምታቋርጡት ቅጂው ሁለት ቦታ፣ አንዱም ከቤታችሁ ውጭ መቀመጡን ካያችሁ በኋላ ይሁን። እናመሰግናለን።